ቀድሞ የሚስቀው ሰው

ሙሉ ስማቸው አብዱፋቶህ ሆልማቶቭ ይባላል፤ ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ ነው። ተወልደው ያደጉት፣ ወልደው የዳሩት፣ ጡረታም የወጡት ማርጊላን ከተማ ነው። ጉልበታቸውን የጨረሱት በሐር ፋብሪካው፣ የሽመና መኪና ሲጠግኑ ነው። የመወርወሪያው ኳኳታ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም፤ በዚያ አዳራሽ የሠራ ሰው አብዛኛው በእርጅናው ጮክ ብሎ ይናገራል። አብዱፋቶህ ጮክ ብለው አይናገሩም። ይህም ሆን ተብሎ፣ በብዙ ጥንቃቄ የሚደረግ ነው።

ዓርብ ዓርብ ከቀትር ሶላት በኋላ፣ በቦዩ ዳር ባለችው ሻይ ቤት፣ ከማኅበርተኞቻቸው ጋር ኦሽ ይበላሉ፤ በበግ ጮማና በካሮት የበሰለውን ሩዝ። የማኅበሩ ደንብ ጥብቅ ነው። ዳቦውን የሚቆርሰው ታላቅ ነው፤ ሻይ ቀድሞ የሚቀዳለት ታላቅ ነው፤ ቀልድ ሲነገርም ቀድሞ የሚስቀው ታላቅ ነው። ታናሽ ከታላቁ ቀድሞ ጥርሱን ካሳየ ለወር ያህል መሳለቂያ ይሆናል። በሌላ ሻይ ቤት ይህ ደንብ ይኑር አይኑር እንጃ፤ በዚህኛው ግን ማንም አያጓድለውም።

ምግቡ ሲነሣ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ይከፈታል፤ «የሳቅ ሳጥን» የተባለው የአጫጭር ቀልዶች ትርኢት ይታያል። ትርኢቱ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስስታሙን አማት ሆኖ የሚጫወተው ገኒጆን የማርጊላን ልጅ ነው፤ ወጣት ሳለ በፋብሪካው የአብዱፋቶህ ረዳት ነበር።

አብዱፋቶህ በዚህ ትርኢት መሳቅ ከተዉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። «ሞቷል» ይላሉ። «የዛሬዎቹ ቃሉን አፋቸው ውስጥ ያላምጡታል እንጂ አይናገሩትም።» እሳቸው ካልሳቁ ሌላው አይስቅም። ማኅበርተኞቹ ከንፈራቸውን ገጥመው ሲያዩት ከርመው፣ ውለው አድረው እውነትም የማያስቅ መሰላቸው።

እውነቱ ግን አብዱፋቶህን ጆሯቸው ከድቷቸዋል። ከሟች ባለቤታቸው በቀር ይህን ያወቀ አልነበረም። ጨዋታ የሚከታተሉት ከንፈር እያዩ ነው፤ ፊት ለፊት ለሚናገር ሰው ይበቃቸዋል። የቴሌቪዥን ሰው ግን እየተናገረ ጀርባውን ይሰጣል፣ እየተናገረ በር ዘግቶ ይወጣል።

በመጋቢት አንድ ዓርብ ዲልሙሮድ መጣ። የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ዋና ከተማው ታሽኬንት ሄዶ ከትርኢቱ አዘጋጆች አንዱ ሆኗል። ኮምፒዩተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘና አብዱፋቶህ ፊት ተንበርክኮ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ገኒጆንን ሊያሰናብቱት ነው። ‹አርጅቷል፣ ሰው አይስቅበትም› አሉ አለቆቼ። እኔ ደግሞ ትርኢቱን ሰፈሬ ወስጄ ላሳይ፣ ሰዉን ልቅረጸው ብዬ ለመንኳቸው። እንግዲህ ይኸው፣ በዚህ ስልክ እናንተን እቀርጻለሁ። ከሳቃችሁ ይቆያል።»

«ካልሳቅንስ?» አለ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሶቢር።

«ካልሳቃችሁማ አበባ አስታቅፈው ይሸኙታል።»

«አበባውን መልሶ እንደሚሸጠው አልነገርካቸውም?» አለ ቆብ ሰፊው ቶሂር።

አብዱፋቶህ የቶሂርን ከንፈር አይተው ነበርና ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ሁሉም ሳቀ።

«ገኒጆን ይህን ያውቃል?» አሉት ዲልሙሮድን።

«የት አውቆ አባባ። ቢያውቅማ እዚህ መጥቶ ድስቱን ይጠርግላችሁ ነበር።»

አብዱፋቶህ ጢማቸውን ዳበሱ። ገኒጆንን መፍቻ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አባቱ የሞተ ዕለትም ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ። «ሞቷል» እያሉ ሲፈርዱበት የከረሙት የማን መተዳደሪያ እንደሆነ አሁን ገና ታያቸው። ስለዚህ ቆረጡ፦ ገኒጆን ብቅ ሲል ይስቃሉ። የሚለው ባይሰማቸውም ይስቃሉ፤ የቀረው ይከተላቸዋል።

ትርኢቱ ተጀመረ። ገኒጆን ከመጋረጃ ጀርባ ብቅ አለና የሙሽራውን ጫማ አንሥቶ ሶሉን መመርመር ያዘ። አብዱፋቶህ ሳቁ፤ ዕንባቸው እስኪወርድ፣ ሲኒያቸው እጃቸው ላይ እስኪናወጥ ሳቁ። አፍታም ሳይቆይ ሻይ ቤቱ በሙሉ ተከተላቸው።

ሳቁ ሲበርድ አንድ ነገር ልብ አሉ። ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያይ ሰው የለም። ቶሂር ምንጣፉ ላይ አቀርቅሯል። ሶቢር ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገብቶ ሽቦ ይነካካል። ዲልሙሮድ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ።

ዲልሙሮድ ፊት ለፊታቸው መጣና ቃሉን አንድ በአንድ አወጣው። «ድምፁ አልተከፈተም ነበር አባባ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከቃሉ ይልቅ አዝግሞ መናገሩ ወጋቸው። ልጁ ገብቶታል ማለት ነው፤ ለሱ ከገባው ለሁሉም ገብቷል። «ድምፅ የለም» ብሎ ማቋረጥ ታላቅን ማዋረድ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ሰው ዝምታ እያየ ሳቀ።

«የቀረጽከውን ትልከዋለህ?»

«ይህንንማ ብልከው በኔ ነው የሚስቁት።»

ሶቢር ሽቦውን አገኘው። ድምፁ መምጣቱን አብዱፋቶህ ያወቁት ሰዎቹ ድንግጥ ሲሉ አይተው ነው። ትርኢቱ ከመጀመሪያው እንዲነሣ ተደረገ፤ ዓይን ሁሉ፣ ስልኩም ጭምር፣ ወደ እሳቸው ዞረ። እንሳቅ ቢሉ የሚሳቅበትን ቦታ አያውቁትም። ባይስቁ ማንም አይስቅም፤ ገኒጆንም ያበቃለታል።

ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«እኔ እግሬን ላፍታታ። ቶሂር፣ ከኔ ቀጥሎ ታላቁ አንተ ነህ። ዳቦውም ሳቁም ካሁን ወዲያ ያንተ ነው።»

«ኧረ አባባ፣ ይሄማ አይሆንም። ደንቡስ?»

«ደንቡን እኮ ነው የምነግርህ።»

ወጥተው ከቦዩ ዳር ቆሙና በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ቴሌቪዥኑ የተሰቀለበት ግድግዳ ከዚያ አይታይም፤ የሚታየው ሰዉ ብቻ ነው። መጀመሪያ ማንም አልተነቃነቀም። ቀጥሎ የቶሂር ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ሶቢር ተከተለ፤ ከዚያ ሁሉም። አንዱ ሆዱን ይዞ ምንጣፉ ላይ ተንጋለለ። እንዲህ ያለ ሳቅ በዚያች ቤት ከታየ ቆይቷል። ዲልሙሮድ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ቶሂር ግን ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ግድግዳ መልሶ፣ አንድ እጁን ጆሮው ላይ ለጥፎ አንድ ነገር ይናገራል፤ ከንፈሩ አይታይም። እጁን ጆሮ ላይ መለጠፍ የስስታሙ አማት ልማድ ይሁን አይሁን አብዱፋቶህ ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም።

ገብተው ቢጠይቁ ሳቁ ይቋረጣል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ያ ሁሉ ሰው የሳቀው በገኒጆን ነው ወይስ በሳቸው? በሳቸው ከሆነስ፣ ያ ሳቅ የገኒጆን ተብሎ ታሽኬንት ቢላክ አብዱፋቶህ ይፈቅዱ ነበርን?