የጭራ ሥር ጠፍር

ያን ጠዋት ጠፍሩን ከበቅሎዋ ጭራ ሥር አሳልፌው ነበር ወይስ አላሳለፍሁትም? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። የሆዷን መቀነት ማጥበቄን አስታውሳለሁ፤ ልጓሙንም። ብርዱ ጣቴን እንዳደነዘዘው ሳይቀር አስታውሳለሁ። የጭራው ጠፍር ዘንድ ስደርስ ግን ባዶ ነው።

የጉና ሰው ያለዚያ ጠፍር በቅሎ ጭኖ ቁልቁለት አይወርድም። ታፋዋን ተደግፎ ኮርቻውን ወደ ኋላ የሚይዘው እሱ ነው። አክስቴ ለልቅሶ ሲሄዱ በቅሎዋን የጫንሁላቸው እኔ ነኝ፤ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቁልቁለቱ መሐል ኮርቻው አንገቷ ላይ ወጣ፤ አክስቴ ድንጋይ ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሻቸው፤ ቢነሡም አነከሱ። በቅሎዋ ደንብራ ዕቃዋን በየቁጥቋጦው በጣጥሳ ስለ ጣለችው ማንም አልመረመረም።

ትምህርት ቤት ልገባ የነበርሁት ልጅ እሳቸው ዘንድ ተላክሁ፤ ውሃ ቀዳሁ፣ እንጨት ለቀምሁ። ጎረቤት "እንዲህ ያለች ልጅ ትባረክ!" ባለ ቁጥር እንስራዬን አንሥቼ እሮጥ ነበር። የምርኩዛቸው ድምፅ ሲቀርብ፣ ዛሬስ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ። አልጠየቁኝም።

ደብረ ታቦር ትምህርት ቤት የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ለግብርና የቤት ሥራ፣ ሰብል የሚባልበትን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ክሮፕን፣ ከመዝገበ ቃላት ስፈልግ፣ ዓይኔ ዝቅ ብሎ ሌላ ቃል ላይ ዐረፈ፦ ክሩፕ፤ የፈረስ ወይም የበቅሎ ታፋ። ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ፤ ከዚያም በፊት ጉብ ያለ ነገር ማለት የነበረ፤ ከሰብሉ ቃል ጋር ሳይቀር ዘመድ። ቃልም ትውልድ ይቆጠርለታል ለካ ብዬ ደስ እያለኝ ገለጥ አደረግሁ። ከዚያው ከታፋ የተወለደ ሌላ አገኘሁ፦ ክረፐር፤ ኮርቻ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ከጭራ ሥር የሚያልፍ ጠፍር።

አይቶኝ የማያውቅ የባሕር ማዶ ሰው ክሴን የጻፈው መሰለኝ። መጽሐፉን ከድኜ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ማንም አልነበረም።

ባለፈው ዓመት አክስቴን ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወሰድኋቸው። ከሚኒባሱ ወርደን፣ ክንዴን ጨብጠው ወደ ውሃው ማቆልቆል ጀመርን። 

"እቴቴ፣ ያን ቀን በቅሎዋን የጫንሁት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ማን ሊጭናት ኖሯል?"

"የጭራውን ጠፍር ያስገባሁት አይመስለኝም። አላውቅም።"

ቀጥ አሉ። ምርኩዛቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሊመቱኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። እሳቸው ግን ፊት ለፊታቸው ተክለው ተደገፉት።

"ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ዓይኔን የማታዪው? እኔ እኮ ማንከሴን የተጸየፍሽው መስሎኝ።"

"አንቱን? ኧረ በማርያም!"

ምርኩዛቸውን ነቀሉ። ከዚያ፣ "ተናድጃለሁ" አሉ። "ታጥቤ ስወጣ እቆጣሻለሁ። አሁን አጥብቀሽ ያዥኝ፤ ያዳልጣል።"