በጥቁር ልብስ ወደ ንጉሡ ልደት

ቅዳሜ ንጋት፣ አውሮራ

ገና ሳይነጋ ጎረቤቴ ጋሽ ተክሌ መኪናቸውን ደጄ ላይ አቁመው ይጠብቁኛል። ሌሊቱን በረዶ ጥሏል፤ ፋሲካ ቢያልፍም ኮሎራዶ ክረምቱን አልጨረሰም። ጋሽ ተክሌ የአስመራ ሰው ናቸው። አማርኛን ተማሪ ቤት ተምረው ዛሬ ከብዙዎቻችን አሳምረው ይጽፉታል። ለዓመታት ታክሲ ስለነዱ የኤርፖርቱን መንገድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል።

"ሆላንዶች ምን ሊያከብሩ ነው ያልሽኝ?" አሉ ሻንጣዬን እየጫኑ።

"የንጉሣቸውን ልደት።"

"እኛ ንጉሥ አውርደን እዚህ ደረስን፤ አንቺ ደግሞ ንጉሥ ፍለጋ ባሕር ልትሻገሪ!"

ሳቅሁ። ከዚያ እውነቱን ነገርኳቸው። ልጄ ሐና ዩትሬክት በምትባል የሆላንድ ከተማ ትማራለች። አባቷ ሲሞት ለቀብሩ ደረሰች፤ ግን ፈተና ስለነበረባት ለቅሶ ሳትቀመጥ ተመለሰች። ለሙት ዓመቱም መምጣት አልቻለችም። ስትደውል ስለ ብስክሌቷና ስለ ዝናቡ ታወራኛለች፤ "አባዬ" የሚለው ቃል ግን ከአፏ አይወጣም። በሙት ዓመቱ ዕለት የማኅበር እህቶቼ ነጭ ቀሚስ ይዘው ከሌን ሊያስወልቁኝ ሲመጡ፣ "ልጄ ሳታለቅስ አላወልቅም" ብዬ መለስኳቸው።

"እና ልጄን ላስለቅስ ነው የምሄደው" አልኩ።

ጋሽ ተክሌ መኪናውን አስነሱ። ኤርፖርቱ መግቢያ ላይ የቆመውን ዓይነ ቀይ ሰማያዊ የፈረስ ሐውልት ስናልፍ፣ "ሰው እንኳ ልጁን ሊያስቅ ነበር የሚሄደው" አሉ በቀስታ። "ይሁን፣ ይቅናሽ።"

እሑድ፣ ዩትሬክት

ሐና ባቡር ጣቢያ ተቀበለችኝ። ከስታለች። ክፍሏ መሰላል ከሚመስል ደረጃ በላይ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ድስት፣ ወደ ቦዩ ውሃ የሚያይ መስኮት። ከሻንጣዬ ዳቦ ቆሎ ሳወጣ ዓይኗ በራ።

"ማሚ፣ ነገ እንሸጠዋለን!"

"ማን ፈቅዶልን?"

በንጉሡ ቀን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም አለችኝ። ሕፃን አሻንጉሊቱን፣ ሽማግሌ መጽሐፉን መንገድ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። "አምና ብቻዬን ዞርኩ። ሁሉም ከቤተሰቡ ጋር ነበር። ሶ፣ ዘንድሮ ከአንቺ ጋር እንድቀመጥ ፈለግሁ።"

"የንጉሡ ቤት ቀለም ነው" ብላ የገዛችልኝን ብርቱካናማ ሻርፕ ዘረጋችልኝ። አልለብስም አልኳት። አልተከራከረችኝም፤ በራሷ አንገት ጠመጠመችው።

"አባትሽ ቢያይሽ…" ብዬ ስጀምር ድስቱን ማጠብ ያዘች። ድስቱ ንጹሕ ነበር።

ሰኞ፣ የንጉሡ ቀን

መንገዱ፣ ድልድዩ፣ ጀልባው ሁሉ ብርቱካናማ ነው። ውሾች ሳይቀሩ ሪባን አስረዋል። ብርቱካናማ ክሬም የተቀባ ኬክ በየሱቁ ይሸጣል፤ እኔም በላሁ፣ አፍንጫዬን ነካኝ፣ ሐና ሳቀችብኝ። ዋዜማውን በጠመኔ ስሟን ጽፋ በያዘችው ቦታ አንሶላ ዘርግተን መሬት ተቀመጥን። ዳቦ ቆሎውን በወረቀት ጠቅልለን አንዱን ጥቅል በአንድ ዩሮ አልን። አጠገባችን አንድ ሆላንዳዊ ሰውዬ አሮጌ ስኒዎች ደርድሮ፣ ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፍቶ ይሸጣል። ብርዱ ሲጠናብኝ ጥቁር ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣልኩ።

በዚህ መካከል የወረቀት ዘውድ የደፉ አንዲት አረጋዊት ሴት ከሰው መሐል ፊታችን ቆሙ። የእኛው አገር ሰው ናቸው። ጥቁሬን አዩ፣ መሬት መቀመጣችንን አዩ። ዘውዱን ከራሳቸው አውልቀው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ ልጆቼ። ማን ሞተባችሁ?"

ሐና ደነገጠች። "እማማ፣ ለቅሶ አይደለም፤ ገበያ ነው!"

"ገበያውንማ አያለሁ። የልጅ ልጆቼ ናቸው ጎትተው ያመጡኝ። እኔ የጠየቅሁት ጥቁሩን ነው።"

ልመልስ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሐና እኔን አየችኝ።

"አባዬ…" አለች። "አባዬ ሞቶብን ነው።"

አረጋዊቷ እማማ አስካለ ይባላሉ፤ ጉልበታቸውን ይዘው አንሶላው ላይ አጠገቧ ተቀመጡ። አይዞሽ አላሏትም። "አልቅሺ፤ አባት ነው" አሏት። ልጄ ደረታቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። "ዳውንታውን ፓርኪንግ ሌሊት እየሠራ ነው ያስተማረኝ፤ ሁልጊዜ ሲደውል፣ ብስክሌትሽ መብራት አለው ወይ ይለኝ ነበር፤ አሁን የሚጠይቀኝ የለም" ትላለች። እኔም አለቀስኩ።

ሬዲዮኑ መቼ እንደጠፋ አላወቅሁም። ሰውዬው ምንም ሳይጠይቅ ከሚሸጣቸው ስኒዎች በሦስቱ ሻይ ቀድቶ ፊታችን አኖረ። ዋጋቸው የተጻፈበት ወረቀት ገና አልተላጠም ነበር። ስለዚያ ሻይ ሙቀት አመሰግነዋለሁ።

"ሙት ዓመቱ ወጥቷል?" አሉኝ እማማ አስካለ።

"ወጥቷል።"

"እንግዲያው ልጄ፣ እናትሽን አስወልቂያት። ሰው ከሉን በገዛ እጁ አያወልቅም።"

ሐና ፊቷን ጠረገች። ነጠላዬን ከራሴ አንስታ በሥርዓት አጠፈችው። ሻርፑን ከአንገቷ ፈትታ አለበሰችኝ፤ የእሷ ሙቀት ነበረበት። እማማ አስካለ ዘውዳቸውን መልሰው ደፉ፤ አንድ ጥቅል ዳቦ ቆሎ ገዝተው፣ "ጥርስ አስቀርልኝ ጌታዬ" እያሉ ሄዱ።

ሳምንት ቆይቶ፣ ዴንቨር

ጋሽ ተክሌ ሻንጣዬን ተቀበሉኝ። በረዶው ሟሙቷል። አንገቴ ላይ ያለውን ብርቱካናማ ሻርፕ አዩ። ሰማያዊውን ፈረስ አልፈን አውሮራ ስንቃረብ ነው የጠየቁኝ።

"አለቀሰች?"

"አለቀሰች፣ ጋሽ ተክሌ።"

ትንሽ ነዱ።

"እንግዲህ ምን ይደረጋል" አሉ። "ለንጉሣቸው ዕድሜ ይስጥልን።"