ከኋላ የጀመርነው የድብድብ መጽሐፍ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳ ላይ የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ ታነብ ነበር። ገጹን የምትገልጠው እኛ ከለመድነው በተቃራኒ ነው። "ምነው ከኋላ ጀመርሽ?" ብላት "አባዬ ደግሞ! የነሱ ከቀኝ ነው የሚጀምረው" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝና ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። ሚስቴ "ደግሞ ምን ሆንክ?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ነገሩ ጂንካ የሆነ ነው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት የምጠብቅ ሥራ ፈት ነበርኩ። ያን ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሃል ነበር፤ አውሮፕላን ከሚያርፍበት ቀን ይልቅ ላም የሚግጥበት ቀን ይበዛል። ከሜዳው ማዶ አንዲት የቆርቆሮ ጌም ቤት ነበረች። የምንወደው ጌም አንድ ብቻ ነው፤ የሁለት የተለያዩ ጌሞች ተደባዳቢዎች፣ እንደ ሁለት ሰፈር ጎረምሳ፣ አንድ ላይ ተገናኝተው የሚፋለሙበት።

የቤቱ ጀግና ግርማ ነበር፤ የጓደኛዬ የኤልያስ ታላቅ ወንድም። ሁልጊዜ የሚመርጠው እጁን በጨርቅ የጠቀለለውን ተጫዋች ነው። ሌላ ሰው ደፍሮ አይነካበትም፤ ተጫዋቹን ራሱን "ግርማ" ነበር የምንለው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ኤልያስን ያሳደገው እሱ ነው። በኋላ ግብርና ቢሮ ተቀጥሮ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ካንጋተን ተመደበና ሄደ። ስሙ ግን ተጫዋቹ ላይ ቀረ።

መጽሐፉን ያመጣው አንድ ጃፓናዊ ቱሪስት ነው። ዱስ ከምትባል የኦሞ ዳር መንደር ሲመለስ ዝናብ ይዞት ጌም ቤቷ ተጠለለ፤ የምንጫወተውን ሲያይ በሳቅ ፈረሰና ከሻንጣው አንድ መጽሐፍ አውጥቶ ለኤልያስ ሰጠው። ገለጥነው። የኛው ሰዎች! የሁለቱም ጌም ተደባዳቢዎች በጥቁር ቀለም ተሥለው። ጽሕፈቱን ማን ያውቀዋል? እኛም እንደማንኛውም መጽሐፍ ከግራ ጀመርነው። መብራት ሲጠፋ (መቼ ሳይጠፋ!) ከበብ ብለን እንቀመጥና፣ እኔ አፌ ስለማያርፍ፣ ሥዕሉን እያየሁ ወሬውን እፈጥርለታለሁ።

የኛ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ "ግርማ" በግንባሩ ተደፍቷል፤ ዙሪያው ጥቁር ነው። እኔ "ጥላው ላይ ተኝቷል" እላለሁ። ቀጥሎ ይነሳል። ገጽ በገጽ ቁስሉ ይድናል፣ ቡጢው ከመንጋጋው ይላቀቃል፣ ጠላቶቹ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ አንድ በር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ትንሽ ወንድ ልጅ አጠገቡ ቆሞ፣ የጫማውን ክር ያስራል። እንግዳ ነገር ነበር፤ ግን ጃፓኖች የማይችሉት የለም ብለን ተውነው።

በነሐሴ ዝናብ አንድ ቀን እናቴ ወደ ጓሮ ጠራችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ወሬው በመገናኛ ሬዲዮ መጥቶ ነበር፤ ካንጋተን ላይ ኦሞን ሲሻገሩ ጀልባ ተገልብጦ ግርማን ውሃ ወስዶታል።

"የኤልያስ አክስት ከአርባ ምንጭ ማታ ትገባለች። ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይነግረዋል። አንተ እስኪመሽ ከጎኑ እንዳትለይ፤ ሆዱም ባዶውን እንዳያድር።"

"እማዬ፣ ፊቴን ምን ላድርገው?"

"እንደ ሁልጊዜህ ለፍልፍ!"

ይህ እኛ ዘንድ ውሸት አይደለም። መርዶ ወገን በሌለበት፣ እንደመጣ አይወረወርም። ቢሆንም ከተማው ሙሉ ያወቀውን አንድ ሰው ብቻ ሳያውቀው አብሮት መዋል እንዴት ያስፈራል! መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ኤልያስን አጥብቆ ይስመዋል። ጌም ቤት ስንገባ ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። ባለቤቱ እንኳ "ቤቱን ጠብቁልኝ" ብሎ ጃንጥላውን ረስቶ በዝናቡ ሄደ። የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ ገዝቼ ነበር፤ እኔን አልወርድ ብሎኝ የኔንም እሱ በላው።

መብራቱ ጠፋ። መጽሐፉን አንስቼ ለፈለፍኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። የበሩ ሥዕል ላይ ደርሼ ስጨርስ ኤልያስ መጽሐፉን ወሰደና ከዚያው ገጽ ወደ ኋላ ይገልጥ ጀመር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

"ደሬ፣ ይሄ መጽሐፍ ከዚህ ነው የሚጀምረው።"

"ተው ባክህ!"

"እይ። በር ላይ ልጁን ይሰናበታል። ይሄዳል። እነዚህ መንገድ ላይ ያገኙታል። ይሄ መታው፣ ይሄ ደማ…"

እውነቱን ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ያልገጠመው ሁሉ ግጥም አለ። መጽሐፉን ነጥቄ ልጥለው ፈለግሁ፣ ግን ተውኩት። ኤልያስ የመጨረሻው ገጽ ላይ ጣቱን ጥቁሩ ላይ አሳረፈ።

"ጥላ አይደለም። ውሃ ነው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሰውየው ዙሪያ ቀጫጭን የሞገድ መስመሮች ነበሩ። ስንት ወር ሙሉ አላየኋቸውም። እኔ ደግሞ ስለ ውሃ ትንፍሽ አላልኩም!

"ደሬ።"

"እ።"

"ዛሬ ሰው ለምንድነው እንደዚህ የሚስመኝ?"

 ብናገር ያለ ወገን፣ ያለ ሽማግሌ ሊሰበርብኝ ነው። ብክድ ፊቴ ያሳብቃል። አፌን ስከፍት በመዳፉ ከደነኝ። መዳፉ እንደ በረዶ ነበር።

"አትናገር። ነገ የሚናገር ይናገር። አሁን ከኛ በኩል አንብብልኝ።"

አነበብኩለት። "ግርማ ውሃው ላይ ተኝቷል። ይኸው እጁን አንቀሳቀሰ። ይኸው ተነሳ፣ ልብሱ ደረቀ…" እያልኩ፣ እንባዬን እየዋጥኩ፣ እስከ በሩ ድረስ አመጣሁት። ኤልያስ በዚያ ገጽ ላይ ዓይኑን ተክሎ ዝናቡ እስኪያባራ አልተነቃነቀም።

በማግስቱ ማለዳ ከሽማግሌዎቹና ከአክስቱ ጋር ስንደርስ፣ ኤልያስ ታጥቦ፣ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበሮች ተሸክሞ ግቢው ውስጥ ደርድሮ ጠበቀን። ማንም ምንም አልነገረውም ነበር። ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ፣ እንግዲህ የሰው ነገር…" ሲሉ ግን ምንም እንዳልጠረጠረ ሰው ጮኸ። ያን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ። የማስመሰል አልነበረም። ወንበሮቹን የደረደረውና የጮኸው አንድ ሰው መሆኑን እስከ ዛሬ አእምሮዬ አይቀበለውም።

ዛሬማ መርዶውን ስልክ ይቀድመዋል፤ ሰው ታክሲ ውስጥ ብቻውን ሆኖ የአባቱን ሞት ያነባል። ያ ሁሉ መደበቅና መጠበቅ ያኔ ያስመርረኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሰው ሞቱ እስኪነገር ድረስ ትንሽ የሚቆይበት ቦታ ያለ ይመስለኛል፤ እኔና ኤልያስም ግርማን አንድ ከሰዓት እዚያ ያቆየነው ይመስለኛል።

እሑድ ማታ ሐዋሳ ለሚኖረው ለኤልያስ ደወልኩለት። ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም። "ያኔ አውቀህ ነበር እንዴ?" አልኩት። 

"ስታነብልኝ አላውቅም ነበር" አለኝ። "በሩ ላይ አድርሰኸው ስትጨርስ ነው ያወቅሁት።"