የባሌ ቆዳ

የባሌ ታላቅ እህት ወንድሟን በፈላ ውሃ እንዳቃጠልኩት ታወራለች። መካኒሳ አቦ ይህን ያልሰማ ጎረቤት የለም።

የሆነው ይህ ነው። ባሌን ሽንት ሲያቃጥለው እህቱ ከልጇ የተረፈ ኪኒን ከቡፌዋ አውጥታ ሰጠችው። በእኛ ሰፈር የተረፈ መድኃኒት አይጣልም፤ ለዘመድ ይቀመጣል። እኔ አላየሁም፣ ገበያ ነበርኩ። ከቀናት በኋላ ዓይኑ ቀላ፣ ከንፈሩ ቆሰለ፣ ደረቱ ውሃ ቋጠረ። ሸሚዙን ሳወልቅለት የጀርባው ቆዳ ተገፎ አብሮ መጣ። ጩኸቱን ሰምታ የገባችው እህቱ ቆዳውን እጄ ላይ አየችው።

"ቀቀልሽው፣ አንቺ አረመኔ" ብላ በጫማዋ ተረከዝ ግንባሬን ፈነከተችኝ። ጎረቤት እስኪገላግለን በፀጉሬ መሬት ለመሬት ጎተተችኝ። ባሌ አልጋው ላይ ሆኖ ያያል። ኪኒኑን ከማን እጅ እንደወሰደ ያውቃል። ዝም አለ።

ሆስፒታል ያገኘናት ሐኪም ወጣት ናት። "እማማ፣ ይህ የውሃ ቃጠሎ አይደለም" አለችኝ። "የቆዳ ሴሎችን እርስ በርስ አያይዘው የሚይዙ ፕሮቲኖች አሉ። አንዳንድ መድኃኒት ሰውነትን ያስቆጣና ሴሎቹ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ያደርጋል። ሴል እንዲህ ሲሞት፣ ውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች ማያያዣዎቹን ይበጣጥሷቸዋል። ያኔ ከጎኑ ካለው ሴል ይላቀቃል፤ ቆዳው ይገፈፋል። መድኃኒቱ ካልቆመ ሰውየው ይሞታል። ምን ወሰዱ?"

ባሌ ዓይኑን ጨፈነ። እህቱ "ምንም" አለች።

በማግስቱ አጥሚት ይዛ መጣች። ከመጋረጃው ጀርባ በማንኪያ ነጭ ነገር ስትፈጭ ደረስኩባት።

"ምንድን ነው እሱ፣ እትዬ?"

"አቋርጦት ነው የባሰበት። የጀመረውን ይጨርስ። ለዚያች ልጅ ብነግራት ትከለክለኛለች።"

እጇን ያዝኩት፤ አልለቅም አለች። አውራ ጣቷን ወደ ኋላ ቆለመምኩት፤ ሲሰበር ሰማሁት። አጥሚቱ ወለሉ ላይ ተደፋ። ቀሪውን ኪኒን ወስጄ ለሐኪሟ ሰጠሁ። ዛሬም ቢሆን እሰብረዋለሁ።

ባሌ ተረፈ። ቆዳው ዥጉርጉር ሆኖ ተተካ። ጠያቂ ሲመጣ "ምን ሆነው ነው?" ይሉታል። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

"ውሃ ነው፣ ሳይታሰብ" ይላል።

ባለፈው እሑድ እህቱ ባለችበት፣ እንግዶቹ ፊት፣ ኪኒኑን ማን እንደሰጠው፣ ማን እንደደበቀ፣ ማን ዝም እንዳለ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ሲወጡ ባሌ "እህቴን አዋረድሻት" አለኝ።

መኝታዬን ሳሎን አደረግኩ።