ቡናማው ዝናብ

የወንድሜን ሞት ከሆስፒታል ደውለው ሲነግሩኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። እንባዬ የትኛው ለእሱ፣ የትኛው ለሽንኩርቱ እንደሆነ አላውቅም። ቀና ብዬ ሰዓት አየሁ፤ ለሦስት አሥር ጉዳይ ይላል። እጄን ታጥቤ ግቢ ወጣሁና የዝናብ መለኪያውን አነበብኩ። ደረቅ ነበር። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ባልጽፍ ኖሮ ከሬሳ ሣጥኑ ተነሥቶ ይቆጣኝ ነበር።

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን “ጋሽ ደመና” ነበር የሚለው። ለሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በፈቃዱ ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ ለክቷል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን መቀሱን ያስቀምጣል። አንድ ሙሽራ ሱፉን ሲለካ በስፒል እንደተወጋጋ “እንዳትነቃነቅ፣ መጣሁ” ብሎት ወጣ፤ ሰውዬው እጁን እንደዘረጋ የወፍ ማስፈራሪያ መስሎ ጠበቀው። ሕጉ አንድ ነበር፤ ያየኸውን ጻፍ፣ ያላየኸውን አትጻፍ።

ይኼ ሕግ በጣም ሰለቸኝ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በበጋው እምብርት፣ የተረፈኝን ሻይ መለኪያው ውስጥ ደፋሁበትና መስኮት ሥር ተደብቄ ሳቄን አፈንኩ። ወጣ፤ ለካ፤ ጻፈ፦ “አራት ሚሊሜትር። ሰማዩ ጥርት ያለ። ውሃው ቡናማ።” ከዚያ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። እኔም አፍሬ እውነቱን ሳልነግረው ቀረሁ።

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ተመራማሪ መጣች። እሷና ባልደረቦቿ የድሮ መዝገቦችን እያሰባሰቡ የዝናቡ ወቅትና አየሩ እንዴት እንደተለወጠ ያጠናሉ። ደብተሩን ስታገላብጥ ጣቷ አንድ ገጽ ላይ ቆመ።

“አባባ፣ ይኼ ቡናማ ዝናብ ምንድን ነው? ነፋስ ከሩቅ በረሃ ያመጣው አቧራ ይሆን?”

“እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ ልጄ።”

“እንዲህ ያለ ነገር እኮ ብርቅ ነው! የሚቀጥለው ወር ሲያልቅ መዝገቡን እንዘጋለን። የሚታረም ካለ ደውሉልኝ።” ስልኳን ጽፋ ሰጠችውና ሄደች።

በሩ እንደተዘጋ ወንድሜ መነጽሩን አወለቀ።

“ያኔ ስኳር ታበዢ ነበር።”

“ቀምሰኸዋል?!”

“ቡናማ ዝናብ አግኝቼ ሳልቀምስ ልለፍ?”

“ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ‘የእህቴ ሻይ’ ብለህ አልጻፍክም?”

“ስትደፊ አላየሁሽማ። ያላየሁትን አልጽፍም።”

“ለልጅቷስ ለምን አልነገርካትም? በኔ ሻይ የበረሃ አቧራ ልትጽፍ ነው እኮ!”

“ያዘነበችው ራሷ ትንገራት” አለና ቁጥሩን በስፒል እኔ ከምቀመጥበት ወንበር ትይዩ ግድግዳው ላይ ሰካው። ከዚያ በኋላ ሻይ ባነሣሁ ቁጥር “ዛሬ ስንት ሚሊሜትር ነው?” ይለኝ ነበር። እኔም “ነገ እደውላለሁ” እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ሳለን ታመመ።

አሁን ሦስት ሰዓት ሲሆን የምለካው እኔ ነኝ። ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ትናንት በር ላይ አቁሜ ወጥቻለሁ። ቁጥሩ ግድግዳው ላይ አለ። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። ለልጅቷ እስካሁን አልደወልኩም።