ከአጥር ሥር የተተከለችው ቃሪያ

ዛሬ ጠዋት የጓሮዬን ቃሪያ ስኮተኩት የቅጠሉ ሽታ እጄ ላይ ቀረና ልጅነቴን አመጣብኝ።

እናቴ ከአባቴ ተጣልታ፣ እኔን ይዛ ቁይ ከተማ ዳር አንዲት ጎጆ የገባች ሰሞን ነው። የሚያቃጥለውን ቃሪያ ደጃፉ ላይ በመደዳ ተከለችው። የማያቃጥለው ግን አንዲት ችግኝ ብቻ ነበረቻት፤ እሷን ከቤቱ ጀርባ፣ ከአጥር ሥር ወሰደቻት።

«እማ፣ ብቻዋን እዚያ የምትሆነው ምን አድርጋ ነው?» አልኋት።

«ከነዚያ ጋር ካበበች ዘሯ ይበላሻል። ለከርሞ እሷም ታቃጥላለች።»

እኔ የናፈቀኝ የአባቴ ቤት ነው፤ እህቶቼ እዚያ ቀርተዋል። «እኛስ መቼ ነው የምንመለስ?»

«አንቺ ደግሞ፣ አፍሽ አያርፍም!» ብላ ሳቀች። ወዲያው አፈር በነካው እጇ ጉንጬን ያዝ አድርጋ፣ «አንቺ እንኳ ስድብ ሳትሰሚ እደጊልኝ» አለች። እኔ የገባኝ እንደማንመለስ ብቻ ነው፤ አለቀስሁ።

እንዳለችውም ስድብ ሳልሰማ አደግሁ፤ ልጆቼንም እንደዚያው አሳደግሁ። ደጎች ናቸው፤ በስልክ እንኳ ቀስ ብለው ነው የሚያናግሩኝ። ግን ሁሉም በየከተማው ነው። አንዳንዴ የሰው ድምፅ ሳልሰማ ሲመሽብኝ፣ ምነው አንዳቸው መጥቶ በተቆጣኝ እላለሁ።