በሚስ ሸዋ ላይ የቀረበ አቤቱታ

ሸዋዓለም በፈቃዱ እንግሊዝኛ ለማስተማር ብላ አሜሪካ አልመጣችም። ዲቪ ደርሷት ነው የመጣችው። ደሴ እያለች ለብዙ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራለች፤ እዚህ ስትደርስ ግን ያገኘችው ያገሯ ሰው ሁሉ ቋንቋውን ለባለቤቶቹ ትታ ነርሲንግ እንድትማር መከራት። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ሸዋዓለም ደም ስታይ ራሷን ትስታለች። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል እንግዳ እየተቀበለች ተማረች፣ ተፈተነች፣ የማስተማር ፈቃድ አወጣች፤ ከዚያም ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ሆና ተቀጠረች። ወሬው ደሴ ሲደርስ አጎቷ ደወሉላት።

"አሜሪካኖቹን እንግሊዝኛ ልታስተምሪ ነው አሉ። እስከ ዛሬ ታዲያ በምን ሲግባቡ ኖሩ?"

እሷም ይህንኑ ጥያቄ ራሷን መጠየቅ የጀመረችው በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ተማሪዎቿ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ይላሉ። ጸሎት ላይ ናቸው ብላ እንድታምንላቸው ይፈልጋሉ። ስሟን መጥራት ስላቃታቸው "ሚስ ሸዋ" ብለው አሳጠሩት፤ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ "ሚስ ሻዋርማ" የሚሏትም ነበሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መጨረስ የማይሆንለት ልጅ እጁን አውጥቶ አነጋገሯን ያርማታል። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት አስተዳደሩ አዲስ መፈክር የታተመበት ቲሸርት ያድላታል። በግንቦት የመምህራን ሳምንት ደግሞ ምስጋናውን በዶናት ይገልጽላታል፤ ከዶናቱ አጠገብ "ለአንድ ሰው አንድ ብቻ" የሚል ወረቀት ተለጥፎ።

ሥራዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ቤቷን አሌክሳንድሪያ ያደረገችው አውቃ ነው። በየቀኑ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ስትንፏቀቅ ያዩ ጓደኞቿ ያዝኑላታል። እሷ ግን በዚያ ሁሉ መኪና መሀል እንደተቆለፈባት፣ አንድም ወላጅ መጥቶ መስኮቷን እንደማያንኳኳ እያሰበች ትጽናናለች። ሜሪላንድን ከአሌክሳንድሪያ የሚለየውን ወንዝ ከተሻገረች ሰላም ነው። እሑድ እሑድ ግን የሜሪላንድ ወላጆችም ወንዙን ተሻግረው እሷ የምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ ይህን ሳታስበው ቀረች።

ከእነዚህ ወላጆች አንዷ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ናት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ዊተን በሚባል ሰፈር፣ ቤቷ ውስጥ የሌሎችን ሕፃናት በክፍያ እየጠበቀች የራሷን ሦስት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች። የመጀመሪያው ልጇ ታዴዎስ በ2011 ዓ.ም. የሸዋዓለም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ምላሱ ስል ነው። አርፍዶ ገብቶ፣ ያረፈደው ሰዓቱ እንጂ እሱ እንዳልሆነ ሊያሳምንህ ይችላል። ጻፍ ሲባል ግን እጁ ይታሰራል። በአማርኛ ብትጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልስልሃል፣ በእንግሊዝኛ ብትጠይቀው ትከሻውን ይሰብቃል።

አንድ ጊዜ ሸዋዓለም በሕይወታቸው የወሰኑትን ከባድ ውሳኔ እንዲጽፉ አዘዘች። ታዴዎስ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኑ አስረከበ። ሸዋዓለም ሁለት ፓራግራፍ ሙሉ ደስ አላት። ሰዋስው ንጹሕ፣ ቃላቱ የተመረጡ፤ "ልጁ ነቃ" አለች በልቧ። ሦስተኛው ፓራግራፍ እንዲህ ብሎ ጀመረ፦ "እንደ ሦስት ልጆች እናት ስናገር…"

በማግስቱ ክፍሉ ሲበተን አስቀረችው።

"ታዴዎስ፣ ልጆችህ ደኅና ናቸው?"

"የምን ልጆች?" አለ በእንግሊዝኛ።

"ሦስቱ።"

ወረቀቱን አየው። ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም። "ገጸ ባሕርይ ፈጥሬ ነው የጻፍኩት" አላት።

"ገጸ ባሕርይዋ መጨረሻ ላይ 'ለተጨማሪ ምክር እዚህ ይጫኑ' ትላለች።"

ሸዋዓለም ዜሮ ሰጠችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዓለምዘርፍ ነጠላዋን እያስተካከለች መኪና ማቆሚያው ላይ ደረሰችባት።

"መምህርት፣ እንደምን ሰነበቱ? እንዲያው ይህ ዜሮ የሚሉት ነገር ምን ማለት ነው?"

"ምንም ማለት ነው።"

"እሱስ ይገባኛል። ያገር ልጅ ላገር ልጅ ይሰጣል ወይ ማለቴ ነው። የሒሳቡ መምህር ፈረንጅ ሆኖ እንኳ ሲ ሰጥቶታል።"

"የዓለምዘርፍ፣ የራሱን ሥራ አይደለም ያመጣው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ ብሎ እኮ ነው የጻፈው።"

የዓለምዘርፍ ትንሽ አሰበች። "እኔን አስቦ ይሆናላ" አለች፤ ድምጿም ለሰለሰ፣ አንቱታውም ቀረ። "አየሽ እህቴ፣ ሆዱ ከኔ ጋር ነው። ይህን ዓይተሽ ነው ዜሮ የሰጠሽው?"

ሸዋዓለም መኪናዋን ከፍታ ገባች። ተጨማሪ ማስረዳት ከክፍል ያልተለየ ሥራ ነው፤ እሑድ ደግሞ አይከፈላትም።

ከዚያ ሳምንት አላለፈም፣ ርዕሰ መምህሩ አስጠሯት። ትልቅ ሰው ሞቶ ለማርዳት እንደተላከ ዓይነት ፊታቸውን አክብደው ተቀመጡ፤ የሶፍት ሳጥኑንም ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

"አንድ ተማሪ በአንቺ ላይ የጽሑፍ አቤቱታ አቅርቧል" አሉ። "ከፈለግሽ የመምህራን ማኅበር ተወካይ ባለበት ልታነቢው ትችያለሽ።"

ሸዋዓለም ወረቀቱን ተቀብላ ታዴዎስ የሚለውን ስም አየች። መጀመሪያ ደሟ ፈላ። ከዚያ ማንበብ ጀመረች፤ እያነበበች ስትሄድ ቁጣዋ የት እንደገባ ራሷም አላወቀችም።

ልጁ የሚለውን ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል፤ እሷ ከመስከረም ጀምሮ ጉሮሮዋ እስኪነቃ የለመነችው ይህን ነበር። ምክንያቶቹን ተራ በተራ አቅርቧል። ለየአንዳንዱ ማስረጃ አለው። "ሚስ ሸዋ መቅዳቴን የደረሰችበት በትክክል ነው፤ ሆኖም፣" ብሎ ይቀጥላል፤ ከ"ሆኖም" በፊትና በኋላ ያሉት ምልክቶች በየቦታቸው ናቸው። ይህን "ሆኖም" ሸዋዓለም ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ስንት ጊዜ አጥፍታዋለች። ትምህርት ሲከፈት ራሷ ያደለችው የክፍል ደንብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድቶ የተያዘ ተማሪ እንደገና እንዲጽፍ ዕድል ይሰጠዋል ይላል። ልጁ ጠቅሶታል። እሷ ዕድሉን አልሰጠችውም። ያ ደንብ በትምህርት ቤቱ አንድ አንባቢ እንደነበረው ያወቀችው ያን ዕለት ነው።

መጨረሻው ግን እንዲህ ይል ነበር፦ "የራሴ ከባድ ውሳኔ አለኝ። አባቴን የሚመለከት ነው። መምህሬና እናቴ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ብጽፈው እሑድ እናቴ ጆሮ ይደርሳል ብዬ ስለፈራሁ የሌላ ሰው ውሳኔ ወሰድኩ።"

ሸዋዓለም ይህን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አፏ ላይ ተዘጋጅቶ የነበረው ቀልድ ሁሉ ጠፋ።

ርዕሰ መምህሩ ሶፍቱን ትንሽ ጨምረው ገፉት።

"ልክ ነው" አለቻቸው።

"ማን?"

"ልጁ። ይህን ኮፒ ላደርገው እችላለሁ? ላርመው ነው።"

ርዕሰ መምህሩ እንዲህ ላለው ሁኔታ የወጣ መመሪያ እንዳለ ኮምፒውተራቸው ላይ ፈለጉ፤ አላገኙም።

በማግስቱ አቤቱታውን በቀይ እስክሪብቶ አርማ ለታዴዎስ ሰጠችው። አናቱ ላይ ኤ ማይነስ ተጽፏል። ዜሮው በዚህ እንደተተካ፣ ዕድሉንም ቀድማ ልትሰጠው ይገባት እንደነበር ነገረችው። ልጁ ወረቀቱን ገልብጦ አየ።

"ማይነሱ ለምንድን ነው?"

"'እጅግ በሚያስደነግጥ ሁኔታ ኢፍትሐዊ' ብለሃል። 'ኢፍትሐዊ' ይበቃ ነበር።" ከዚያም ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔ ከምታመጣልኝ ወረቀት አንድ ቃል ቤተ ክርስቲያን ይዤ አልሄድም። ለእናትህም፣ ለማንም።"

ታዴዎስ ትከሻውን ሰበቀ። "እሺ" አለ፤ በአማርኛ።

ስለ ራሱ ከባድ ውሳኔ የሚናገረውን ጽሑፍ ያመጣው ትምህርት ለክረምት ሊዘጋ ሲል ነው፤ በእርግጥ ዘግይቶ። ሸዋዓለም ትምህርት ቤቱ ግቢ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ አነበበችው፤ አንብባ ስትጨርስም ሞተሩን ለማስነሳት አልቸኮለችም። ምን እንደሚል ለማንም ስላልተናገረች እዚህ ሊጻፍ አይችልም። ያገኘው ቢ ፕላስ ነው፤ ጽሑፉ ከአቤቱታው ይበልጥ ነበር፣ የዘገየበት ግን ተቀንሶበታል።

ይህ እንግዲህ ሽልማቷ ነበር። ብዙ አልቆየም። በሚቀጥለው እሑድ የዓለምዘርፍ ትልቅ ድፎ ዳቦ ታቅፋ መጣችና በሰው ፊት ጉንጯን ሳመቻት።

"ያገር ልጅ ማለት ይህች ናት" አለች ዙሪያዋን ለቆሙት። "አንድ ቀን ባናግራት ዜሮውን ኤ አደረገችልኝ።"

"ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ልጁ ራሱ ጽፎ ነው።"

"ትሕትናዋን አያችሁልኝ?"

የልጁን ምስጢር ሳታወጣ ነገሩን ማስረዳት አትችልም፤ ስለዚህ ዳቦውን ተቀበለች። ሳምንት ሳይሞላ ከሮክቪል አንዲት እናት፣ ከውድብሪጅ ደግሞ ወይዘሮ መዓዛ የምትባል ሌላ እናት እሷን ፈልገው መጡ። የመዓዛ ልጅ ማርያማዊት በዚያ ትምህርት ቤት አትማርም፤ ችግሯም እንግሊዝኛ ሳይሆን ኬሚስትሪ ነው።

"እሷ ትምህርት ቤትም የምታውቂው መምህር አይጠፋም" አለቻት መዓዛ።

ሸዋዓለም ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ማቆም ጀመረች። ትምህርት ሲከፈት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የጽሑፍ ትምህርት የመረጡትን ስታይ የታዴዎስ ስም አለበት። ማንም አላስገደደውም። በመጀመሪያው ቀን አርፍዶ ገባ፤ ሸዋዓለምም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ አዘዘችው።